ከኔትወርክ ታወር በሚመጣ ሞገድ ሴንሰር ማስነሳት ይቻላል ወይ?

የወንጂ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ አዳማ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ በኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር) የአፈር እርጥበት ሴንሰር ሰርቼ ወንጂ አባቴ ሽንኩርት ማሳ ላይ ልተክል ነው፣ የባትሪ ድንጋይ መቀያየር ስለማልፈልግ 400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ታወር ሞገድ ኃይል ልሰብስብ ብዬ አንቴናው ላይ 1ኤን4148 ዳዮድና ካፓሲተር አገናኘሁ ግን መልቲሜትሩ ዜሮ ነው የሚለው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ 4ጂውን -70 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ያሳያል። ምን ላርግ?

ሾትኪ፦ መጀመሪያ ዳዮዱን ቀይር። እሱ ተራ ሲሊከን ነው፣ እንዲህ ላለ ደካማ ሲግናል አይከፈትም፣ ኤስኤምኤስ7630 ወይ ኤችኤስኤምኤስ2850 የሚባሉትን ለደካማ ሲግናል የሚሆኑ ሾትኪ ዳዮዶች ፈልግ። ማቺንግ (አንቴናውንና ዳዮዱን የሚያጣጥም ሰርኪዩት) ካልሰራህለት ደግሞ የመጣው ሞገድ ተመልሶ ነው የሚሄደው። ብሬድቦርድ (ሽቦ የሚሰካበት የሙከራ ሰሌዳ) ላይ ከሆነም ተወው፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ አይሆንም።

ሬዲዮ ወዳድ፦ ዳዮድ ቢቀይርም አይደርስም ወንድሜ፣ እስቲ እናስላው። 4ጂ ላይ አፑ የሚያሳይህ የአንድ ሰብካሪየር (ሲግናሉ ከሚከፋፈልባቸው ቀጫጭን ሞገዶች የአንዱ) ጉልበት ነው፣ ታወሩ በ10 ሜጋኸርዝ ከሰራ 600 ሰብካሪየር አለው፣ ሁሉም ቢሞሉ 28 ዲቢ ትጨምራለህ፣ -42 ዲቢኤም መጣ ማለት ነው፣ 63 ናኖዋት ገደማ። ኢኤስፒ32 ደግሞ ቺፑ ብቻውን ዲፕ ስሊፕ (አብዛኛው ክፍሉ የሚጠፋበት የእንቅልፍ ሁኔታ) ላይ ተኝቶ እንኳ 10 ማይክሮአምፕ ይወስዳል፣ በ3.3 ቮልት 33 ማይክሮዋት፣ ከ500 እጥፍ በላይ! ለዛውም ከ63ቷ አብዛኛውን ዳዮዱ ይበላታል፣ ዋይፋይ ሲከፍት የሚጎትተውንማ ተወው።

የወንጂ ልጅ፦ ገባኝ፣ ግን ርዕሱ ጸድቋል፣ አድቫይዘሬም አርኤፍ (የሬዲዮ ሞገድ) ይሁን ብለዋል፣ አሁን መቀየር ይከብደኛል

የላብ ሰው፦ አትቀይረው፣ ምንጩን ግን አቅርበው። 100 ሚሊዋት የሚለቅ የ2.4 ጊጋ ራውተር 1 ሜትር ላይ ለተራ አንቴና 10 ማይክሮዋት ያህል ይሰጥሃል፣ ግማሽ ሜትር ላይ 40፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል። ራውተሩ የሚለቀው ዳታ ሲልክ ብቻ ስለሆነ ትልቅ ፋይል እያወረድክ ለካ። ኢኤስፒ32ን በጣም ቆጣቢ በሆነ ማይክሮኮንትሮለር ተካውና ካፓሲተሩ ቀስ እያለ ይሙላ፣ ሲሞላ አንዴ ለክቶ ይላክ። በየርቀቱ የሞላበትን ሰዓት መዝግበህ ግራፍ ካወጣህለት የታወሩ ስሌትም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሆንልሃል። ያለ ፈቃድ አምፕሊፋየር እንዳትጨምርበት ብቻ አደራ።

ሾትኪ፦ የአባታችን ማሳ ላይ ግን ሶላር ይሁን በናትህ፣ 5 በ5 ሴንቲሜትር ፓኔል በቀጥታ ፀሐይ 300 ሚሊዋት አካባቢ ያወጣል፣ ለሌሊቱ አንዲት ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ከነቻርጀሩ ጨምርበት።