ኪችን ካቢኔት ላሠራ ነው፤ የትኛውን ልመን?

እባካችሁ የምታውቁ አማክሩኝ። ለኮንዶሚኒየም ቤቴ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኪችን ካቢኔት ላሠራ ሁለት ካቢኔት ሠሪ ቤት ጠየቅሁ። ሁለቱም ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ነው ይላሉ። የዋጋው ልዩነት ግን ያስደነግጣል። ውዱ ቤት ያሳዩኝ ቁራጭ መሃሉ አረንጓዴ ነው፤ «እርጥበት ይችላል» አሉኝ። አረንጓዴው ግን ቀለም አይደል እንዴ? እርጥበት መቻሉን በምን ላረጋግጥ?

ርካሹ ቤት የመሳቢያውን ጠርዝ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ልጣፉ ብድግ አለ። ውሃ የሚገባው እኮ በዚያ ነው! በሩ ግን ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወስዳል። ማጠፊያውስ? ቀስ ብሎ የሚዘጋ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ነው? ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ብቻ እርጥበት በሚችለው፣ ሌላውን በተራ ኤምዲኤፍ ባሠራ ያዋጣኛል? ቀብድ ሳልከፍል ንገሩኝ።