«ማቀማጠል» ከ«ማሞላቀቅ» ጋር አንድ ነውን?

መነሻ፦ አንድ አባል «ልጆቻችንን አናቀማጥል» ብለው ጽፈው ነበር። ቃሉ ቦታውን ስቷል የሚሉ ስለ በዙ፣ እስቲ እንከራከርበት።

መምህሩ፦ ቃሉ ቦታውን ስቷል። ማቀማጠል የሚናገረው ስለ ሰጪው ነው፤ አሳምሮ ማብላትን፣ ማልበስን፣ ከድካም መጠበቅን። ማሞላቀቅ ግን በተቀባዩ ጠባይ ላይ የደረሰውን ጉዳት ይናገራል። «ባሏ ያቀማጥላታል» ሲባል የሰማ ይቀናል፤ «ያሞላቅቃታል» ከተባለ ሐሜት ነው። አራስን ተመልከቱ። እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት አጥሚቱን ይዞ ይገባል፤ እሷ እሳት አትነካም። ይህ ማቀማጠል ነው። አራስ ተሞላቀቀች ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነርሷ፦ መምህር፣ ቃሉን ከሚገባው በላይ አነጹት። «ቅምጥል ልጅ» ስንል እኮ የበላበትን ሳህን የማያነሣውን ማለታችን ነው። ይህ ምስጋና ነው?

መምህሩ፦ «ቅምጥል» ወደ ወቀሳ ማዘንበሉን አልክድም። ግሡ ግን አላዘነበለም። «እናቴን ባቀማጠልኳት» ብሎ የሚመኝ ልጅ ሞልቷል፤ «ባሞላቀቅኳት» ብሎ የሚመኝ አለ?

አዛውንቱ፦ «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» ይባላል። ማቀማጠሉ ሲበዛ መሞላቀቅን ይወልዳል፤ ስለዚህ ልዩነታቸው እምብዛም ነው።

ከሪያድ የምትጽፈው፦ አባባ፣ ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። ልጄን ለእናቴ ትቼ በሰው ቤት እሠራለሁ። ጫማ በላክሁለት ቁጥር ዘመዶቼ «አሞላቀቅሽው» ይሉኛል። ይኸው ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ለአያቱ ውኃ ይቀዳል፣ ቤት ይጠርጋል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አቀማጠልሽው በሉኝ፣ እሺ፤ አጠገቡ ሆኜ ላሳድገው ስላልቻልሁ በምችለው አቀማጥለዋለሁ። ሞልቃቃ ግን የሚባለው ምግባሩ ታይቶ እንጂ ጫማው ታይቶ አይደለም። ይህን ቃል ልጄ ሲሰማው በጣም ያመኛል።

አዛውንቱ፦ ልክ ነሽ ልጄ። እንዲህ ላለው ልጅ ያ ቃል አይገባውም።

መምህሩ፦ እንግዲያው መነሻው «አናሞላቅቅ» ተብሎ ይታረም።

ነርሷ፦ በእርማቱ እስማማለሁ። «ቅምጥል»ን በተመለከተ ግን አቋሜ ያው ነው።