የራስ ቅል ንቅሳት ላይ ግራ ገብቶኛል፣ ምክራችሁን

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነኝ። ክንዴ ላይ በጥቁርና ግራጫ የራስ ቅል ልነቀስ ብዬ ንድፉን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። ለኔ ትርጉሙ ቀራንዮ ነው፤ በስቅለት ሥዕላችን ከመስቀሉ ሥር የሚታየው የአዳም ራስ ቅል። እናቴ ግን «የመብራት ፖል ላይ ያለውን ነው እንዴ?» ብላ ንቅሳትን የሚከለክለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቀሰችልኝ (እሷ ራሷ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት!)።

የባሰው ጭንቀቴ ቀለሙ ነው። ግራጫው የሚወጣው ጥቁሩን በማቅጠን ነው፤ በሥዕሉ ላይ ብርሃን ሆኖ የሚታየው ደግሞ ያልተነካው ቆዳ ራሱ ነው። እኔ ጠይም ነኝ፣ ሳሳ ያለው ግራጫ ሲድን እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። የዓይኑን ጉድጓድና ጥርሱን በደማቅ ጥቁር አስይዤ ሌላውን ባዶ ልተወው? መስቀል ብጨምርበትስ ትርጉሙ ይገለጣል ወይስ ይጨናነቃል? በጠይም ቆዳ የተነቀሰ ካለ ከዓመት በኋላ ምን እንደመሰለ ይንገረኝ። ቀጠሮዬ ቅዳሜ ነው።