ጨፋ ረግረግ ዳር በሳይክል፦ ከአስፋልት ወጥቶ መንዳት ያስኬዳል?

ጀማሪ ከደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ደሴ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አዲስ አበባ እያለሁ ያገለገለ ግራቭል ሳይክል ገዝቼ ነበር። መሪው እንደ እሽቅድድም ሳይክል የታጠፈ ነው፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው። እስካሁን የነዳሁት አስፋልት ላይ ብቻ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ አስፋልቱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት።

ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆቹ በባሕር ጠረፍ ረግረግ ውስጥ ሲነዱ እያየሁ እቀናለሁ። ቦታው የተከለለ ነው። ጠጠር ተነጥፎለታል፣ በየመገንጠያው ቀስት ተስሏል፣ ወፍ የሚታይበት ማማ ሳይቀር አለ። እኛ ባሕር የለንም። ረግረግ ግን አለን። ከአዲስ አበባ ስመጣ ከሚሴ አካባቢ በአውቶቡስ መስኮት ያየሁት ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ከዓይኔ አልጠፋም። ጨፋ ነው አሉኝ።

እና እዚያ አካባቢ በሳይክል የዞረ አለ? መንገዱ ምን ይመስላል? በየትኛው ወር ይሻላል? ካርታ ላይ ሜዳውን መሃል ለመሃል የሚያቋርጡ ቀጫጭን መስመሮች አያለሁ፣ ግን መንገድ ይሁኑ የከብት ዱካ አልገባኝም።

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ፦

አብሽር፣ ያስኬዳል። ግን መሃል ለመሃል የሚለውን ነገር እርሳው። እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች አብዛኞቹ የከብት ዱካ ናቸው። ጨፋ የሚነዳው ዳር ዳሩን ነው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፣ ዋልካ። ሲረጥብ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይመጣና ጎማውና ብረቱ መሃል ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል። ሳይክሉ አንተን መሸከሙ ቀርቶ አንተ እሱን ከነጭቃው ትሸከመዋለህ። ፓራፋንጎ ካለው ቤትህ ፈተህ አስቀምጠው፣ ጭቃውን ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች ጭቃውን በቢላዋ ሲፍቁ እያየሁ ነው የምውለው።

ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በዝናቡ ጊዜ ከብቱ የረገጠው ጭቃ እንደረገጠው ይደርቃል። ኮቴው አንድ በአንድ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ጠርዙ ድንጋይ ነው። እዚያ ላይ ስትነዳ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ወደ ጥር ሲጠጋ አፈሩ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ስንጥቅ ጎማ ይውጣል። ስንጥቁን ሁሌም አቋርጠህ እለፈው፣ አቅጣጫውን ተከትለህ ከሄድክ የፊት ጎማው ይገባና በመሪው ላይ ትወነጨፋለህ።

ስለዚህ መንገድ ስትመርጥ ቀለሙን እይ። አፈሩ ቡናማ ወይ ቀላ ያለና ጠጠር የተቀላቀለበት ከሆነ ንዳ። ይህን የምታገኘው ተራራው ግርጌ ነው። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ጠጠሩንና አሸዋውን እዚያ ያራግፈዋል፣ ሜዳው ጋ የሚደርሰው ደቃቁ ብቻ ነው። ቀበሌ ከቀበሌ የሚያገናኙት ኮረኮንቾችም በብዛት እዚያው ግርጌ ለግርጌ ናቸው። ከፍ ስለሚሉ ረግረጉን ከላይ ታየዋለህ። መሃል ገብተህ ቢሆን የምታየው ፊላና ቀጠማ ብቻ ነው፣ ከራስህ በላይ የቆመ።

ከኮምቦልቻ በከሚሴ መንገድ ሐርቡ ከተማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልት ነው፣ ተሳቢ ይበዛዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጣ። ከሐርቡ በኋላ ነው ወደ ኮረኮንቹ የምትወጣው። ደረቅ ወንዝ ታቋርጣለህ፣ አሸዋው ጥልቅ ነው፣ ወርደህ ግፋው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እነዚህን ወንዞች አትድፈራቸው። አንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ከዘነበ ጎርፉ ሳታስበው ይደርሳል።

ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ጥሩ ነው። የካቲት ላይ በልግ ሊገባ ይችላል፣ የደሴ ሰው በልግን ይረሳል። እኔን ከጠየቅከኝ ኅዳርን ነው የምመርጠው። ማሽላው ቆሟል። ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ፈረንጆቹ ማማ የሚሠሩት ወፍ ለማየት ነው አይደል ያልከው? የኛዎቹ ለማባረር ነው። ድንጋዩ በመንገዱ በኩል እንዳይመጣብህ ከሩቅ ድምፅ አሰማ።

ወላሂ አንድ ነገር ሳልል አልሄድም። በበጋ ሜዳው የከብት ነው። ከአፋር በኩል፣ ከኦሮሞውም ከአርጎባውም ሰው ከብቱን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ሳር የሚገኘው እዚህ ነው። ግመል ሳይክል ይፈራል። ስታይ ውረድ፣ በእግርህ ሆነህ ሰላምታ ስጥ፣ እስኪያልፉ ቁም። ማንም ምንም አይልህም። እየነዳህ መንጋው መሃል ከገባህ ግን ያ ሰው ቀኑን ሙሉ የበተንክበትን ሲሰበስብ ነው የሚውለው።

የቦርከናን ወንዝ ውሃ አትጠጣ፣ ፊትህንም አትታጠብበት። ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ነው የሚመጣው። የሁለቱን ከተማ እጣቢ ይዞ ነው አዋሽ ለመድረስ የሚወርደው።

ሐይቅ ዳር፦

ጎሚስታው ያለው ልክ ነው፣ ግን ለጀማሪ ጨፋ ይከብዳል። ሙቀቱስ? ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ከሚሴ ከዚያ በ1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ፍለጋ ነው የምትገባው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወደኛ ና። ከደሴ በወልዲያ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቅ ከተማ ስትደርስ መጀመሪያ ወደ አርዲቦ ውጣ። አርዲቦም ራሷ ሐይቅ ነች፣ ከከተማው ሐይቅ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ውሃዋ በወንዝ ወደ እሱ ይወርዳል። ዳገቱን በጠዋት ጉልበት ጨርሰህ ከዚያ ውሃውን ተከትለህ መውረድ ነው። ከታችኛው ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ዳርቻው ላይ ደንገልና ቀጠማ አለ፣ ይብራና ዳክዬ ታያለህ፣ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡትም አሉ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ዋልካ የሚይዝህ ጥቂት ቦታ ላይ ነው፣ እሱም መስኖ የፈሰሰበት ጋ።

የእስጢፋኖስ ገዳም መሬቱ ወደ ውሃው ሾልኮ የገባበት ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የነበሩበት ነው። ሳይክሉን ውጭ አቁመህ፣ ቁምጣ ከለበስክ ሱሪ ደርበህ ግባ። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ስትወጣ ውሃው ዳር ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ያበሉሃል። ይህን ጨፋ ላይ አታገኝም።

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ፦

ዓሣውን አምኛለሁ። ጸጥታውን ግን አላምንም፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር የሙዚቃው ጩኸት ዳክዬ ያስቀራል ወይ?

ሐይቅ ዳር፦

ማክሰኞ ይምጣ እንግዲህ።

የደሴ ልጅ፦

እኔ ሴት ነኝ፣ በሁለቱም በኩል ነድቻለሁ። ማንም ያልጠቀሰውን ልበል። ልጆች ይከተላሉ፣ አብዛኛው ጨዋታ ነው። አንዳንዱ ኋላ ኮርቻውን ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ አደገኛ ነው። እኔ ቆም ብዬ ስማቸውን እጠይቃለሁ፣ ያኔ መሮጡ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ረጅም እጅጌና ሰፊ ሱሪ ነው የምለብሰው፣ ለፀሐዩም ለሰዉም። ጨፋ በኩል ከሆነ ረመዳን ላይ ቀን ምሳ ቤት አትጠብቅ፣ ቴምርና ውሃ ያዝ፣ ስትበላም ገለል በል። ውሻ ካባረረህ አትፍጠን። ወርደህ ሳይክሉን በአንተና በውሻው መሃል አድርገው።

ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላለ ሰው ደውለህ ጠይቅ። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይከፈት ይችላል።

ጀማሪ ከደሴ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እንግዲያው በሐይቅና አርዲቦ እጀምርና ኅዳር ላይ ጨፋ እወርዳለሁ። ጎሚስታው፣ ጎማዬ 40 ሚሊ ሜትር ይላል። ይበቃል? ነፋሱስ ምን ያህል ይሁን? ቀዳዳ ቢገጥመኝስ ሐርቡ ላይ ይሠራልኛል?

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ፦

40 ይበቃል። 70 ኪሎ አካባቢ ከሆንክ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ አድርገው። ብዙዎች ሲደድር ይሻላል ብለው እስኪጮህ ይነፉታል፣ ኮረኮንች ላይ ግን ጠጠሩ ያነጥርሃል። በጣም ካጎደልከው ደግሞ ድንጋይ ስትመታ ቸርኬው ካላማዳሪያውን ይነክሰዋል፣ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ታገኛለህ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ቫልቮላህን እይ። ቀጭኗና ጫፏ ላይ ትንሽ ብሎን ያላት ከሆነች የማንኛችንም ኮምፕሬሰር አይገባላትም። የኛ የተሠራው ለመኪናና ለሞተር ነው። ከአዲስ አበባ ማገናኛዋን አስመጣ፣ እንደ ጣት ጫፍ ያለች ናስ ነች፣ ሁለት ግዛ ምክንያቱም ትጠፋለች። ካላማዳሪያም የአንተ ቁጥር እኔ ጋ የለም፣ እኛ ጋ በብዛት ያለው የ26 ኢንች ነው። ሁለት ትርፍ ያዝ፣ ማስቲሽና ፓች፣ የእጅ ፖምፓ።

እሾሁን በተመለከተ የግራር እሾህ ገብቶ ይሰበራል፣ ኩርንችት ደግሞ ጎማው ላይ ተለጥፎ ይዞራል። አዲስ ካላማዳሪያ ከመክተትህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብስ። ስባሪው እዚያው ካለ አዲሱም ከመቶ ሜትር በኋላ ይተነፍሳል። በጨርቅ ዳብስ የሚል አለ፣ ክሩ እሾሁ ላይ ይያዛል፣ እሱም ይሠራል።

ጀማሪ ከደሴ፦

አሁን ወርጄ አየሁት፣ ቀጭኗ ነች። ሌላ አንድ ጥያቄ፦ ከሐርቡ ደሴ መመለሻው ዳገት ነው አይደል?

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ፦

እስከ ኮምቦልቻ ትችለዋለህ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ግን ደክሞህ አትሞክረው፣ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ሙሉ ዳገት ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። ዶልፊን ጣሪያ ላይ ጫነው። የፊት ጎማውን አንተው ፍታና ይዘህ ግባ፣ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ሒሳቡን ከረዳቱ ጋር ገመዱ ሳይታሰር ተነጋገር፣ ከታሰረ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።