የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ60 መተካት ዲናሞ ያቃጥላል?

ጥያቄ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመኪናዬ ሞተር ጠዋት ጠዋት በብዙ ትግል የሚነሳ ስለሆነ፣ ለዓመታት ያገለገለውን ባትሪ ለመቀየር አስቤያለሁ። በአሮጌው ላይ 12 ቮልት፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለ። አንድ ሻጭ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ብወስድ እንደሚሻል ሲመክረኝ፣ አንድ መካኒክ ደግሞ ከመጠኑ ያለፈ ባትሪ ዲናሞውን ያቃጥላል ሲል አስጠንቅቆኛል። ከሁለቱ የማንን ልስማ? ከአምፔሩ ሌላስ ልመለከተው የሚገባ ነገር አለ?

መልስ

ዲናሞ በባትሪው ትልቅነት ብቻ አይቃጠልም። ዲናሞው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ስላለው፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ባትሪው ደግሞ በጎደለው ልክ ይቀበላል። ዲናሞን በእርግጥ የሚያደክመው ፈጽሞ ባዶ የሆነን ባትሪ በመኪናው እንዲሞላ መተው ሲሆን፣ ይህ ለትንሹም ለትልቁም ባትሪ እኩል ይሠራል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ቢሆን የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ሌላ ይዞራል፦ 60ው በመቀመጫው ላይ ይገባል ወይ? በጃፓን አሰያየም 55ቢ24ኤል የሚል ቢያዩ፣ 24 የርዝመቱን ሴንቲሜትር፣ «ቢ» የወርዱንና የቁመቱን መደብ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ደግሞ ፖሎቹ በየት በኩል እንደሚውሉ ያመለክታል። የ«ቢ» መደብ ወርዱ 129 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የ«ዲ» መደብ 173 ይደርሳል፤ ስለዚህ በርዝመት የሚቀራረቡ ሁለት ባትሪዎች በወርድ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ፖሎቹ በተቃራኒ ወገን ከሆኑ ገመዱ አይደርስም፣ ወይም ተጎትቶ በግድ ይታሰራል። ከፍታውም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኮፈኑ ሲዘጋ ፖዘቲቩን የሚነካ ከሆነ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቀጭን ፖል ላይ ወፍራም ማሰሪያን በቆርቆሮ እየሞሉ ማጥበቅም የተለመደ ቢሆንም፣ ግንኙነቱ ስለሚላላ እኔ አልመክረውም።

አምፔር ሰዓትና የማስነሳት ኃይል አንድ እንዳልሆኑም ልብ ይበሉ። 60 አምፔር ሰዓት ማለት ባትሪው 3 አምፔር ለ20 ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። የማስነሳት ኃይሉን የሚናገረው ሲሲኤ የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ የሚለካውም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ይህ ቁጥር አምራቹ ካዘዘው ቢበልጥ ምንም አይጎዳም፤ ማነሱ ግን ይጎዳል። ሁለት ባትሪዎችን ሲያወዳድሩ ሲሲኤው በኤስኤኢ (በአሜሪካው) ወይስ በኢኤን (በአውሮፓው) መለኪያ እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ ሁለቱ የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው።

ሌላ መልስ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ባትሪው ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ በቴስተር ይለኩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.0 ከወረደ ግን አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተር ሲነሳ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሞተሩ እየሠራ 13.5 እንኳ ካልደረሰ ግን ወደ ዲናሞው ይሂዱ።

ሁሉም ነገር ተዘግቶ መኪናው የሚስበው ኃይልም በጥቅሉ ከ50 ሚሊአምፔር ማለፍ የለበትም። ግማሽ አምፔር የሚያፈስ መኪና በቀን 12 አምፔር ሰዓት ስለሚወስድ፣ እንዲህ ያለ መኪና ላይ የሚገባ አዲስ ባትሪ ትልቅም ቢሆን ዕድሜ አይኖረውም።

ጠያቂው

ስለ ማብራሪያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለክቼው ጠዋት 12.1፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.3 ቮልት አሳይቷል። ባትሪውን ስጠርገው ግን ኢኤፍቢ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። መኪናዬ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯን በራሷ የምታጠፋ ናት፤ ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል?

መልስ

በእርግጥ ይለውጠዋል፤ እንዲያውም ከ45ና ከ60 ክርክር ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። ሞተርን በየማቆሚያው የሚያጠፋና የሚያስነሳ መኪና ባትሪውን ደጋግሞ ስለሚያጎድል፣ ተራ ባትሪ ቢገባበት ቶሎ ይሞታል። ኢኤፍቢ፣ ማለትም ደጋግሞ መጉደልና መሞላትን እንዲችል የተጠናከረ ባትሪ፣ የነበረበት በኢኤፍቢ ይተካ፤ የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ ኤጂኤምም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘበት ባትሪ) ይሆናል። ኤጂኤም የነበረበትን ግን ወደ ኢኤፍቢ ወይም ወደ ተራ ማውረድ አይገባም። ክዳኑ የታሸገና ውሃ የማይጨመርበት ባትሪ ሁሉ ኤጂኤም ነው ብሎ የሚሸጥ ስለሚያጋጥም፣ ጽሑፉን ራስዎ ያንብቡ።

በባትሪው ገመድ ላይ የኃይል መከታተያ ሴንሰር ያላቸው አንዳንድ መኪኖች አዲሱ ባትሪ በዳያግኖስቲክ መሣሪያ እንዲመዘገብላቸው ይፈልጋሉ፤ አለዚያ ቻርጅ የሚያደርጉት በአሮጌው ድካም ልክ ነው። የአምፔር ሰዓቱን መጠን ከለወጡ ደግሞ አዲሱ ቁጥር መግባት ስላለበት፣ ባለሙያውን አስቀድመው ይጠይቁ።

የተመረተበትንም ቀን ሳያዩ አይክፈሉ። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይጎድላል፤ ጎድሎ ከቆየ ደግሞ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሻጩ ፊት ለፊትዎ ይለካልዎ፤ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ሌላ እንዲያመጣልዎ ይጠይቁ። ሲፈቱ ከኔጌቲቩ ይጀምሩ፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን የመጨረሻ ያድርጉት፤ ፖዘቲቩን ሲነኩ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢመታ እንኳ ብልጭታ አይፈጠርም።