ድሬ ወልጄ ጀርመን ደገምኩ፤ ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ እህቶች

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ከድሬዳዋ የመጣችው እህታችን «ለመውለድ አገር ቤት ልመለስ ወይስ እዚሁ ልሁን?» ብላ ጠይቃለች። የመጀመሪያ ልጄን ድሬ፣ ሁለተኛዋን ጀርመን ስለወለድኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

እህቴ፣ እዚሁ ውለጂ። አራስነቱን ግን ከአሁኑ አስቢበት፤ እኔ የተቸገርኩት እሱ ላይ ነው።

ድሬ ምጥ ሲይዘኝ ቤተሰብ ማዋለጃ ክፍል አይገባም ነበር። እናቴና አክስቴ ከበሩ ውጭ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ይሰማኛል። ማስታገሻ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አዋላጇ «አይዞሽ እናቴ» እያለች ወገቤን ታሻለች። የመንግሥት ጤና ተቋም ስለሆነ ለወሊዱ አልከፈልንም፤ በማግስቱ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ክርስትናው ድረስ አንድም ቀን ብቻዬን አልዋልኩም። በዚያ የድሬ ሙቀት ቅቤና በርበሬ መሐሉ ላይ የተንጣለለበት ገንፎ እየተጎረሰልኝ ላቤ ይንቆረቆራል። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ማታ ማታ ኡንሲ የሚሉትን ዕጣን ታጨስልኛለች፣ ኦሮሞዋ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ወተት ይዛልኝ ትገባለች። ልጁን አቅፌ ከማጥባት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እዚህ ጀርመን ደግሞ ክትትሉ ሌላ ነው። ሙተርፓስ የሚሉት የእርግዝና ክትትል ደብተር ይሰጥሻል፤ የደም ምርመራሽ፣ አልትራሳውንድሽ፣ ሁሉም እሱ ላይ ይሰፍራል፣ ከቦርሳሽ አይለይ። ባለቤቴ ምጡ ላይ አብሮኝ ነበር፤ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌም ፈልጌ ወሰድኩ፤ በዚህ ማንም ሊያሳፍርሽ አይገባም። በሦስተኛው ቀን ቤት ገባን። ባለቤቴ ወዲያው ሥራ ተመለሰ። ቤቱ ጭር አለ፤ ልጄ ጡት አልይዝ አለች፣ ጡቴ ቆሰለ።

ያወጣችኝ ሄባመዋ፣ አዋላጇ ማለት ነው፣ ናት። እህቶች፣ ይህን ያዙልኝ፦ በመንግሥት የጤና መድን ውስጥ ላለች አራስ ሁሉ አዋላጅ ቤቷ ድረስ ትመጣለች፣ ክፍያውም በመድኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያም እስከ 12 ሳምንት ድረስ በየጊዜው ልትመጣ ትችላለች። ልጄን በጨርቅ ጠቅልላ በሚንጠለጠል ሚዛን መዘነቻት፣ ስፌቴን አየች፤ ከዚያ ከጎኔ ተቀምጣ የልጅቷን አገጭ በጣቷ ዝቅ አድርጋ እንዴት እንደማስይዛት አሳየችኝ። ችግሩ እጥረት አለ፤ ማርገዝሽን እንዳወቅሽ ፈልጊ፣ ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ። (ኔዘርላንድ ያላችሁማ ክራምዞርግ አላችሁ፤ ቤት ውስጥ ለሰዓታት ቆይታ እናትና ልጅን የምትንከባከብ ባለሙያ ናት፤ እናንተም በጊዜ ተመዝገቡ።)

አሁን ዝም የምንለውን ልናገር። ከምሥራቁ ለመጣን ብዙዎቻችን ግርዛት አለ። በተለይ የተሰፋች ካለች በክትትሉ ጊዜ ለሐኪሟ ትንገር፤ ምጥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሐኪም ሊደናገር ይችላል። አስቀድሞ ከታወቀ ግን መቼና እንዴት እንደሚከፈት በእርጋታ ይታቀዳል። ከወሊድ በኋላ እንደ ድሮው መልሶ መስፋት የለም፤ ባልም ሆነ አማት ቢጠይቅ እሺ እንዳትሉ። ይህ ጉዳይ ሲነሳ ልጅ ወይም ባል አያስተርጉም፤ የምታምኗትን ሴት ይዛችሁ ሂዱ፣ መድኑ አብዛኛውን ጊዜ ለአስተርጓሚ አይከፍልምና።

ወረቀት ደግሞ አለ። ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የእናንተን የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ አስተርጉማችሁ እንድታመጡ ትጠየቃላችሁ። ድሬ ያላችሁ ዘመድ አሁኑኑ ያውጣላችሁ፣ አራስ ሆናችሁ ስልክ ላይ እንዳትንገላቱ።

እህቴ፣ የት ከተማ እንዳለሽና ስንተኛ ወርሽ እንደሆነ ጻፊልን። በአቅራቢያሽ ያለን ገንፎውን በተራ እናደርሳለን።