«አይጥ ሰው አይደለም»፦ የሽፈራው ዱቄትና የስኳር ክርክር ከሐዋሳ

የታቦር ልጅ፦
ሰዎች፣ ዛሬ ውስጤ እየነደደ ነው የምጽፈው። ጠዋት መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ የሽፈራው ዱቄት ይሸጣል። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል፣ በጥናት የተረጋገጠ!» ይላል። ሻጭ ነው ብዬ ባለፍኩት ደስ ባለኝ። ግን አክስቴ ከዚሁ ሰው ገዝታ ኪኒኗን ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው። ዛሬ በባዶ ሆድ ስትለካ ስኳሯ 312 ሆነ፤ ከልክ በላይ ነው። ስቆጣት «ዩኒቨርሲቲ ያረጋገጠው ነው እኮ ልጄ» አለችኝ። የተሰጣትን ወረቀት አየሁት። ጥናቱ የተሠራው በአይጥ ነው። ታዲያ ይህን የዕፅዋትና የስኳር ምርምር ለሕዝብ ማውራት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እኔ እየጎዳን ነው ባይ ነኝ።

ነጭ ጋዎን፦
ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። አንዱ ሽፈራው ይዟል፣ አንዱ ጥንጁት፣ አንዱ እሬት። ኪኒኑን ያቆመ አለ። ከኪኒኑ ጋር ደርቦ የሚጠጣም አለ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኼ ሁለተኛው ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ኪኒን ብቻውን እንኳ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ልኩ የማይታወቅ ነገር ሲጨመርበት ሰውየው ሌሊት በላብ ተጠምቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ሊስት ይችላል። ሽፈራው አትክልት ብቻ ነው። አይጥ ላይ ሠራ ማለት ሰው ላይ ሠራ ማለት አይደለም። አይጥ ሰው አይደለም። በቃ።

ቤተ ሙከራ፦
«አይጥ ሰው አይደለም። በቃ።» ይህን «በቃ» ከየት አመጣኸው ወንድሜ? እኔ ለማስተርሴ ሁለት ዓመት ከአይጥ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅጠሉን በጥላ አድርቀን እንፈጫለን። በ80 በመቶ ሜታኖል ሦስት ቀን እንዘፈዝፋለን። እናጣራለን፣ ሜታኖሉን እናተናለን። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሙጫ መሳይ ነገር ነው ኤክስትራክቱ። አይጦቹን አሎክሳን እንወጋቸዋለን፤ ኢንሱሊን የሚያመርተውን የቆሽታቸውን ሴል ይገድለዋል። ከዚያ አንዱ ቡድን ውሃ ብቻ ይሰጠዋል። አንዱ ያንተኑ ግሊቤንክላማይድ። ሦስቱ ደግሞ ኤክስትራክቱን በ100፣ በ200 እና በ400 ሚሊ ግራም በኪሎ። ከጅራታቸው ጫፍ የደም ጠብታ እየወሰድን እንለካለን። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ «በቃ» የሚዘጋ አይደለም። በየቀኑ የምትሸጠው የስኳር ኪኒን፣ ሜትፎርሚን፣ መነሻው ቅጠል መሆኑን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ነጭ ጋዎን፦
አውቃለሁ እህቴ። ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ዕፅ ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገረው። ዕፁ በጎች በብዛት ሲበሉት የሚገድላቸው ነው። ሜትፎርሚን ደግሞ በዕፁ ውስጥ ያለውን ቅመም መነሻ አድርጎ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በስኳር ሕመምተኞች ላይ ያየውን ውጤት ያሳተመው በ1957 ነው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። መካከሉ ላይ ያለውን ዓመት ቁጠሪው። ማንም ጋሌጋውን ፈጭቶ መናኸሪያ ላይ አልሸጠም። ሜትፎርሚን የሚመሰክረው ለእኔ ነው።

ቤተ ሙከራ፦
ለሁለታችንም ነው የሚመሰክረው። ያ ዕፅ ባይመረመር ሜትፎርሚን አይኖርም ነበር። እነ ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ ልጣጭ የወጣ ቅመም ነው። እኔ «አክስትህ ትጠጣው» አላልኩም። «በቃ» አትበል ነው የምለው። «ገና ነው» በል።

የኮንሶ ልጅ፦
እኔን ያበሳጨኝ ሌላው ነው። «ሽፈራው አትክልት ብቻ ነው።» «ብቻ»? እኔ ያደግኩት በኩርኩፋ ነው። የማሽላው ድቡልቡልና የሽፈራው ቅጠል አንድ ላይ የተቀቀለ። እርከኑ ላይ ዛፉ አለ፣ ግቢው ውስጥ ዛፉ አለ። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ይቀራል። አባቶቻችን ያቆዩት ዛፍ «ብቻ» አይባልም። አሁን ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ እዚህም ጓሮዬ ውስጥ ተክዬዋለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ወንድሜ፣ ዛፍህን ማንም አልሰደበም። የእኔ ጥያቄ ስለ አክስቴ 312 ነው።

የኮንሶ ልጅ፦
የአክስትህ 312 የዛፉ ጥፋት አይደለም። ኪኒን አቁሙ ያለው ሻጩ ነው። ደግሞ ወረቀቱ ላይ የትኛው ሽፈራው እንደተጻፈ አየህ? የእኛ አገሩ ሽፈራው ዝርያ ስቴኖፔታላ ይባላል። በኢንተርኔት የሞላው ጥናት ደግሞ አብዛኛው የሕንዱ ነው፣ ኦሌይፌራ። የአንዱን ውጤት በሌላው ዱቄት ላይ ይለጥፋሉ።

የታቦር ልጅ፦
አሁን አየሁት። «ኦሌይፌራ» ነው የሚለው። ዱቄቱ ግን ከአርባ ምንጭ የመጣ ነው ብሏታል።

የኮንሶ ልጅ፦
ይኸው!

እናት ነኝ፦
ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ልናገር። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ስኳሩ ዓይነት 1 ነው፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመርትም፤ በቀን አራት ጊዜ መርፌ ይወጋል። ባለፈው ዓመት አንዲት የማከብራት ጎረቤቴ «መርፌውን ተይው፣ ልጅ እያደማሽ ነው፣ ይሄን አጠጪው» ብላ ጠርሙስ አመጣችልኝ። በክፋት አይደለም፣ ልጄን ትወደዋለች። እኔም ደክሞኝ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ጠርሙሱን ሳየው አደርኩ። አላጠጣሁትም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንደ ልጄ ያሉ ልጆች ሁሉ ይሞቱ ነበር። የመጀመሪያው የተወጋው ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1922። ለዓይነት 1 ልጅ ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠል የለም። እባካችሁ ስትከራከሩ «ስኳር» ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ስኳር እንደሆነ ተናገሩ። እናቶች ያነባሉ።

ነጭ ጋዎን፦
እግዚአብሔር ያሳድግልሽ እህቴ። ትክክል ነሽ፣ እኔም መለየት ነበረብኝ።
ቤተ ሙከራ፣ እንዲያውም ከዚሁ ነጥብ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሎክሳን የተወጋች አይጥ ቆሽቷ ነው የተጎዳው። የታቦር ልጅ አክስት ግን ዓይነት 2 ናቸው፣ ቆሽታቸው ያመርታል፣ ሰውነታቸው ነው እምቢ ያለው። ታዲያ አይጧ የሳቸውን በሽታ እንኳ የላትም። አሁንም «አይጥ ሰው አይደለም» ስል ተሳስቻለሁ?

ቤተ ሙከራ፦
ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። እቀበለዋለሁ። ዓይነት 2 የሚመስል ሞዴል አለ፤ አይጦቹን ቅባት የበዛበት ምግብ ለሳምንታት መግቦ፣ ከዚያ እንደ አሎክሳን ቆሽትን የሚጎዳውን ስትሬፕቶዞቶሲን በትንሹ መውጋት ነው። ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። አሎክሳን ፈጣን ነው፣ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው ጥናቶቻችን አንድ ዓይነት የሚሆኑት። አንዱ ጦስኝ፣ አንዱ ብሳና፣ አንዱ ድግጣ፤ ዕፁ ይቀየራል እንጂ ሙከራው ያው ነው። ይታተማል፣ ይመረቃል፣ ያበቃል። የሚያስለቅሰኝ ይኼ ነው። ጥናቱ አይጥ ላይ ይቆማል፣ ዱቄቱ ግን መናኸሪያ ይደርሳል።

ሥርና ቅጠል፦
አያቴ የባህል ሐኪም ነበሩ። እዚህ ሁላችሁም ስለ ሻጩ ታወራላችሁ። አያቴ ድምፅ ማጉያ አልነበራቸውም። መጠን ነበራቸው። ኮሶ ሲሰጡ የሰውየውን አቅም አይተው ነበር፤ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቃሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አይሰጡም። ስለዚህ «የባህል መድኃኒት ልክ የለውም» አትበሉ። ሌላው ፍርሃቴ ደግሞ ይህ ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁትን ቤተ ሙከራ ወስዶ ያሳትመዋል፣ ፈረንጅ ያነበዋል፣ ከዚያ የእነሱ ይሆናል። እንዶድን አትርሱ።

ቤተ ሙከራ፦
እንዶድማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ዝም አላሉም፣ መረመሩ። የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያሳዩት እሳቸው ናቸው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ።

ሥርና ቅጠል፦
ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሌላ ጥቅሙ ፓተንት፣ ማለትም የባለቤትነት መብት፣ አወጣበት። የጤፉንም እናውቃለን፤ የሆላንድ ኩባንያ በዱቄቱ ላይ ፓተንት ይዞ ኖሮ የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ቤተ ሙከራ፦
ለዚህ እኮ ነው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው። የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት አለው ይላል።

ሥርና ቅጠል፦
አዋጁን አያቴ አላነበቡትም። አንቺ ቅጠል ልትጠይቂ የሄድሽባቸው አዛውንት ነግረሻቸዋል? ስማቸው ጥናትሽ ላይ አለ?

ቤተ ሙከራ፦
ምስጋናው ላይ አለ። ከዚያ በላይ የለም። ትክክል ነህ፣ አይበቃም።

የታቦር ልጅ፦
ጤፍ ላይ ደረስን። እባካችሁ ወደ ስኳሩ እንመለስ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ከስኳር ጋር 19 ዓመት ኖሬአለሁ። አንዳችሁም ያልጠየቃችሁትን ልናገር። ሰው ለምን ዱቄት ይገዛል? የስኳር መለኪያዋን ልጄ ገዛችልኝ፣ ደም የሚንጠባጠብበት ስትሪፑ ግን በየወሩ ያልቃል። የጡረታ ብር ስንቱን ይቻለው? ኪኒን ልወስድ ሄጄ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የተባልኩበት ወር አለ። ያን ጊዜ ዱቄቱ ቅርብ ነው፣ ሻጩም «አባባ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ይሰጣል። እኔ ሽፈራው እበላለሁ፣ በጎመን መልክ። ኪኒኔንም አልተውኩም። በየሦስት ወሩ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየውን ምርመራ አደርጋለሁ፣ ማንንም ሳላምን ቁጥሩን አያለሁ።

ነጭ ጋዎን፦
ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ሁሉም ቢያደርግ እኔ እዚህ አልጽፍም ነበር። የወንበሩ ነገር ግን ልቤን ነካው። እኛ ፋርማሲ ውስጥ ሰውን አቁመን እናስተናግዳለን።

የታቦር ልጅ፦
ቤተ ሙከራ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ። ወረቀቱ «400 ሚሊ ግራም በኪሎ» ይላል። አክስቴ 60 ኪሎ ናት። ሻጩ አባዝቶ «24 ግራም፣ በቀን ሦስት ትልቅ ማንኪያ» ብሏታል። ልክ ነው?

ቤተ ሙከራ፦
ኧረ በፍጹም! የአይጥ መጠን እንዲህ አይባዛም። በሰውነት ቆዳ ስፋት ሲሰላ ለትንሿ የቤተ ሙከራ አይጥ (ማውስ) በ12 ገደማ ይካፈላል። 400ው ወደ 33 ይወርዳል። ለ60 ኪሎ ሰው 2 ግራም አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ኤክስትራክት እንጂ ዱቄት አይደለም። አንድ ግራም ኤክስትራክት ለማውጣት ብዙ እጥፍ ቅጠል ይሄዳል። ስሌቱ ራሱ ሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት መነሻ ነው እንጂ የማንኪያ ትእዛዝ አይደለም። ሻጩ ያደረገው ሂሳብ ሂሳብ አይደለም።

ነጭ ጋዎን፦
እንግዲህ አንቺም «አይጥ ሰው አይደለም» አልሽ።

ቤተ ሙከራ፦
አላልኩም። «አይጥን ወደ ሰው ለመቀየር ሥራ አለው» ነው ያልኩት። ሥራው ይሠራ ነው የምለው። አንተ ሥራውን በር ትዘጋበታለህ።

ነጭ ጋዎን፦
በር አልዘጋሁም። ሰው ላይ ይሞከር፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ ሐኪም ባለበት፣ ኪኒን ሳይቋረጥ። እስከዚያ ግን «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ቃል ከዩኒቨርሲቲ አፍም ከሻጭ አፍም አይውጣ። እናንተ ተመራማሪዎች ራዲዮ ላይ ስትቀርቡ መጀመሪያ «በአይጥ ላይ ነው» በሉ። መጨረሻ ላይ አይደለም። መጀመሪያ።

ቤተ ሙከራ፦
እሱን እቀበላለሁ።

የታቦር ልጅ፦
አክስቴ ኪኒኗን ዛሬ ማታ ጀመረች። ሰኞ ሐኪሟ ጋ እወስዳታለሁ። ዱቄቱን ግን አልጣለችም። «እንደ ጎመን እበላዋለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት?

ነጭ ጋዎን፦
ለሐኪሟ ዱቄቱን ይዛ ትሂድ። አትደብቅ። እስከ ሰኞ ግን አትጨምርበት።

የኮንሶ ልጅ፦
ቅጠሉን ትኩስ አብስላ ብትበላ ይሻላታል፣ የመናኸሪያው ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ነጭ ጋዎን ግን አሁንም አልመለስክልኝም። «ሽፈራው አትክልት ብቻ ነው» ብለሃል።

ነጭ ጋዎን፦
አትክልት ነው። ጥሩ አትክልት ነው። እኔም እበላዋለሁ።

የኮንሶ ልጅ፦
«ብቻ» የምትለዋን አንሳ።

ነጭ ጋዎን፦
ሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱን እስካይ ድረስ አላነሳትም።

የኮንሶ ልጅ፦
እንግዲያው እኔም ከዚህ አልሄድም።